ሻማ የነካው በር

ወንድሜ ሲሞት ሁለቱ በሮች የተለበጡት በአንድ ጎናቸው ብቻ ነበር።

የቁም ሳጥን በሮች ናቸው። ቁም ሳጥኑ ራሱ ቀድሞ ሞጣ ሄዷል። ወንድሜ በሮቹን ለብቻ አስቀርቶ "እነዚህ ጊዜ ይፈልጋሉ፣ አታጣድፉኝ" ብሎ ነበር። ያሠሩት አንዲት የሞጣ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ልጃቸውን ሊድሩ ነው። ስለዚህ ሞጣ ውስጥ በር የሌለው ቁም ሳጥን ይጠብቃል፤ ቢቸና ውስጥ ደግሞ በእኛ ሥራ ቤት ሁለት በሮች ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። ወንድሜ ሰኞ ሆዴን አለ፣ ሐሙስ አረፈ። ሠላሳ ዓመት አልሞላውም።

እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ቤት ነበርኩ። ከትምህርት መልስ እያገዝኩት ነው ያደግኩት። ግን ማገዝ ሌላ ነው፣ መሥራት ሌላ። ሳንቃ እይዝለታለሁ፣ በብርጭቆ ወረቀት እፈትጋለሁ፣ ኮላ አቀብላለሁ። ቬኒር ግን በእጄ ለብጬ አላውቅም። ቬኒር ማለት እንደ ወፍራም ወረቀት ሳስቶ የተላጠ የእንጨት ቆዳ ነው። ከውስጥ ያለው ተራ ኮምፔርሳቶ ነው፤ የዋንዛ ቆዳ በኮላ ሲጣበቅበት ሁለንተናው ዋንዛ ይመስላል። ወንድሜ የለበጠው የበሮቹን የውስጥ ጎን ነበር። ለፊታቸው ከባሕር ዳር ያመጣቸው ሁለት ቆዳዎች ከአንድ ግንድ ተከታትለው የተላጡ ናቸው። እንደ መጽሐፍ ገጽ ከፍተህ ጎን ለጎን ስታደርጋቸው የግራው መስመር በቀኙ ይደገማል። በሮቹ ሲዘጉ አንድ ዛፍ መሃል ለመሃል ተከፍሎ የቆመ ይመስላል። ስለዚህ አንዱ ከተበላሸ ሌላውም አይረባም። ከሌላ ግንድ የመጣ አይገጥምለትም።

በለቅሶው የእድሩ አግዳሚ አልበቃ አለ። ድንኳኑ ሞልቶ ሰው ደጅ ይቆም ጀመር። "ከሥራ ቤቱ ሳንቃ ካለ አውጡ" ተባለ። ማን እንዳለ አላስታውስም። ያወጣሁት ግን እኔ ነኝ። ያገኘሁትን ሁሉ አወጣሁ፤ በሮቹንም። ድንጋይ ላይ አጋድሜ አግዳሚ አደረግኳቸው። አንድ ነገር ብቻ አሰብኩ። ወንድሜ የለበጠው ወገን እንዳይጫር ብዬ ወደ መሬት ገለበጥኩት፤ ያልተለበጠው ወደ ላይ ሆነ። ያን ጊዜ ለሥራው የተጠነቀቅኩ መስሎኝ ነበር።

የሞጣዋ ነጋዴ በሁለተኛው ቀን ከሁለት ጎረቤቶቻቸው ጋር በሚኒባስ መጡ። ሙስሊም ናቸው። ካህናቱ ሲያዜሙ እንደ ሰው ሁሉ አንገታቸውን ደፍተው ተቀመጡ። የተቀመጡት ከራሳቸው በሮች በአንዱ ላይ ነበር። እሳቸው አላወቁም። እኔ አውቄያለሁ፤ ምን ብዬ እንደማስነሳቸው ግን ጠፋኝ። ሲመሻሽ መብራት ሄደ። "ሻማ አምጣ" ተባልኩ። ሻማውን ለኩሼ ከአጠገባቸው ሳንቃው ላይ አንጠባጥቤ አቆምኩት።

ሲነሱ እናቴን እጇን ይዘው "አላህ ሶብሩን ይስጥሽ፣ እህቴ" አሏት። "ስለ ቁም ሳጥኑ አንዳችም እንዳታስቢ። መጋረጃ እጋርድበታለሁ።"

እናቴ ድምጿ ተዘግቶ ነበር። "ልጄ በሩን አደርሳለሁ ብሎዎታል?" አለች።

"ብሎኛል። ግን አሁን እኮ..."

"እንግዲያው ይደርሳል።"

ከዚያ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። ሌላ ማንን ታይ?

ድንኳኑ ሲነሳ በሮቹን ወደ ሥራ ቤት መለስኳቸው። እስከ ሠላሳ ቀን ድረስ አልነካኋቸውም። ነገ እላለሁ። ነገ ሲመጣ ደግሞ ነገ እላለሁ። ጠዋት ጠዋት ግን ገብቼ አያቸዋለሁ። ወንድሜ ያስተማረኝ ነገር አለ፤ አንድ ጎኑ ብቻ የተለበጠ ሳንቃ ሲቆይ ይጎብጣል። ሁለቱም ጎን ሲለበጥ ነው የሚተካከለው። ክር ከጫፍ ጫፍ ወጥሬ ስለካው መጀመሪያ በክሩና በሳንቃው መሃል አንድ የክብሪት እንጨት ይገባ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ሁለት ገባ። በአራተኛው ሳምንት ሦስት። ዝም ባልኩ ቁጥር ሥራው እየሸሸኝ ነበር። ይህን ለእናቴ አልነገርኳትም።

አንድ እሑድ ስልክ ተደወለልኝ። የሞጣዋ ነጋዴ ልጅ፣ ሙሽራዋ ነበረች።

"እናቴ እንዳትደውይ ብላኛለች" አለች። "እንዳትነግራት። በሩ ግን... የሚመጣው እሑድ እኮ ነው ሰርጉ። የሙሽራው ዘመዶች ዕቃውን ሊያዩ ይመጣሉ። ካልሆነ መጋረጃውን ላሳምረው ብዬ ነው።"

"መጋረጃ አታሳምሪ" አልኳት።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ሄጄ በሮቹ ፊት ቆምኩ። ማን ነኝና ነው አታሳምሪ የምላት?

ሰኞ ጠዋት ቆዳዎቹን ከተጠቀለሉበት አወጣኋቸው። ጀርባቸው ላይ የወንድሜ እርሳስ አለ። በአንደኛው 1፣ በሁለተኛው 2 ብሎ፣ ከቁጥሩ ጎን ቀስት ስሎ "ላይ" ብሎ ጽፏል። የ"ላ"ው እግር እንደ ልማዱ ዘመም ብሏል። ኮላው የሚቀባው ሳንቃው ላይ ነው፤ ይህ ጀርባ በኮላው ላይ ይተኛል። ከዚያ በኋላ ማንም አያየውም።

ይዤው ቆሜ ቀረሁ። እናቴ በሩ ላይ ሆና "ምን ሆንክ?" አለች።

"ጽሑፉ" አልኩ።

መጥታ አየችው። ማንበብ አትችልም፤ ግን በጣቷ መስመሩን ተከትላ ሄደችበት። "ምን ይላል?"

"ላይ ይላል።"

"ሌላስ?"

"ሌላ የለም። የትኛው ወገን ወደ ላይ እንደሚሆን ነው።"

ጣቷን አነሳች። "እንግዲያው ለሥራው ብሎ ነው የጻፈው" አለች። "እንዳለህ አድርገው።"

በስልኬ ፎቶ አነሳሁት። በኋላ ሳየው ግን ተድበስብሷል።

ወንድሜ ሲሠራ የሚላቸውን ነገሮች በልቤ እየደጋገምኩ ጀመርኩ። ኮላ ሲበዛ ቆዳው ይዋኛል፣ ሲያንስ ይርበዋል። ከመሃል ጀምር፣ አየሩን ወደ ዳር አስወጣ። ኮላውን የሚያዳርሰው በስባሪ መጋዝ ጥርስ ነው፤ እኔም በዚያው አዳረስኩ። ቆዳውን አጋደምኩ፣ ጨርቅ በተጠቀለለ እንጨት ከመሃል ወደ ዳር ገፋሁት፣ ጋዜጣ አለበስኩት፣ በላዩ ደልዳላ ሳንቃ ጫንኩ፤ ሁለተኛውንም በር እንደዚሁ።

መጭመቂያ ማሽን የለንም። ወንድሜ ዳር ዳሩን በሞርሳ ይነክሳል፤ መሃሉን የሚጫነው በጤፍ ጆንያ ነው። ድንጋይ ይጎረብጣል፣ ጤፍ ግን በሁሉም በኩል እኩል ይተኛል ይላል። እናቴ ሁልጊዜ ትቆጣው ነበር። "ይሄ ልጅ እህሌን የእንጨት ሎሌ አደረገው!" ትለዋለች። አሁን ቤት ያለው ጤፍ የሱ የተዝካር ጤፍ ነው። ሁለት ኩንታል። አርባው ከሰርጉ በኋላ ባለው ሰኞ ነው፤ መብራት ስለማይታመን ግን እናቴ ጤፉን ቀደም ብላ ሐሙስ ጠዋት ለማስፈጨት ተነጋግራለች።

"ጤፉን ልወስደው ነው" አልኳት፣ ፈራ ተባ እያልኩ።

አልተቆጣችም። "እስከ ሐሙስ ያንተ ነው" አለች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ማክሰኞ ከሰዓት ጆንያዎቹን አወረድኩ። አንደኛው በር ጥሩ ነበር። የተለበጠ እንጨት ይዞ እንደሆነ የሚታወቀው በጥፍር ሲመታ ነው። የያዘው ቦታ ድምፁ አጭርና ድፍን ነው። ያልያዘው እንደ ባዶ ቅል ጠለቅ ይላል። ወንድሜ ይህን ሲያደርግ ዓይኑን ይጨፍን ነበር። እኔም ጨፈንኩ። ከላይ ጀምሬ መስመር በመስመር ወረድኩ፤ አንደኛው በር ሁሉም ድፍን ነው።

በሁለተኛው ላይ ከታች ወደ ቀኝ ስደርስ ድምፁ ተለወጠ።

ደግሜ መታሁት። ከዳሩ ራቅ ብዬ መታሁት፣ ተመልሼ መታሁት። የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ የምታህል ቦታ ናት። በእጅ መዳፍ ሲነካ ትንሽ አበጥ ይላል፤ ተጫን ሲሉት ይገባል፣ ሲለቁት ይነሳል። የሞጣ ሰርግ አምስት ቀን ቀርቶታል። ያን ቀን ስንት ጊዜ እንደመታሁት አላውቅም። ጥፍሬ ታመመ። ራት ቀርቦልኝ የገበታውን ጠርዝ ስመታ እናቴ እጄን ያዘችኝ።

በግቢያችን አንዲት ነርስ ተከራይታ ትኖራለች። ከሐዋሳ አካባቢ ተመድባ የመጣች ናት። ረቡዕ ጠዋት ወደ ሥራ ስትወጣ በር ላይ ጠበቅኳት።

"ሲስተር፣ መርፌ አለሽ?"

"ማነው የታመመው?"

"በሩ።"

ሳቀች፤ ከዚያ ወዲያው ፊቷን መለሰች፣ በሐዘን ቤት የሳቀች መስሏት። "በሽተኛውን አሳየኝ" አለች።

ወንድሜ እንዲህ ሲያደርግ አይቼዋለሁ። ባበጠው ቦታ ላይ በምላጭ በእንጨቱ መስመር ትንሽ ይሰነጥቅና ኮላ በመርፌ ይወጋዋል። እኔ ሰነጠቅኩ፣ ነርሷ ወፍራም መርፌ አምጥታ ወጋች። "ትንሽ ያምሃል፣ ጎበዝ ሁን" አለችው በሩን። በላዩ ጋዜጣና ሳንቃ አድርጌ አንዱን ጆንያ ጫንኩበት።

ለምሳ ስትመጣ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ነው የገባችው። "በሽተኛው እንዴት ዋለ?"

"አልያዘም።"

አሳየኋት። በጣቴ ስጫነው የወጋነው ኮላ በስንጥቁ ተንሸራቶ እንደ ወተት ተመልሶ ወጣ። ከቆዳው ጋር ይዟል፤ ከሳንቃው ጋር ግን አልተዋወቀም።

"ቅባት አለበት እንዴ?" አለች። "ቅባት ያለበት ገላ ላይ ፕላስተር አይይዝም እኮ። እኛ ቀድመን በአልኮል ነው የምንጠርገው።"

"እንጨት ነው፣ ቅባት ከየት ይመጣል" አልኩና አፌ ላይ ቀረ።

ሻማው።

ያንጠባጠብኩት ሻማ። ሰም በእንጨት ላይ ሲፈስ ከላይ ያለው ይፋቃል፣ ከውስጥ የገባው ግን ይቀራል፤ ዓይን አያየውም። ድንኳኑ ሲነሳ ፍቄዋለሁ። ጨርሻለሁ ብዬ ነበር። የተለበጠው ወገን እንዳይጫር ብዬ ባልገለብጠው ኖሮ ሰሙ ያልተለበጠውን ወገን ባልነካው። በሮቹን ባላወጣቸው ኖሮ። ነርሷ ፊቴን አይታ "ምነው?" አለች። ነገርኳት። "ታዲያ ማን ያውቃል ያን ቀን?" አለችኝ። እውነቷን ነው። እኔ ግን ማወቅ ነበረብኝ፤ ሥራ ቤቱ ውስጥ ያደግኩ እኔ ነኝ።

ለእናቴ ስነግራት እንጀራ እየጋገረች አልነበረም፣ ምንም እየሠራች አልነበረም። ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ነበር።

"አሁን ምን ይሆናል?" አለች።

"በካውያ አሙቄ ኮላውን አለስልሼ ቆዳውን እስከዚያ ቦታ ድረስ መንቀል አለብኝ። ሰሙን አውጥቼ እንደገና ማጣበቅ።"

"ቢቀደድስ?"

"ከተቀደደ ተቀደደ፤ ምትክ የለውም።"

"ባትነቅለውስ?"

"አሁን ያምራል። ቆይቶ ግን እሷ ቤት ይነሳል። ይሰነጠቃል።"

"ያኔ የማን ሥራ ነው ይላሉ?"

የማን ሥራ እንደሚሉ ሁለታችንም እናውቃለን። ተነሳች። መብራት ስላልነበረ የከሰል ካውያውን አወጣች፣ ፍም ሞላችበት፣ አመዱን እፍ አለችው። "ካውያውን እኔ እይዛለሁ" አለች። "አንተ ቢላውን ያዝ።"

እርጥብ ጨርቅ በቆዳው ላይ ዘረጋን። እናቴ ካውያውን አሳረፈች፤ እንፋሎት ወጣ። ስስ ቢላውን ከታች ጠርዝ አስገባሁ። በመጀመሪያ እምቢ አለ። ጠበቅን። ካውያው ተመላለሰ። ከዚያ ቢላው ትንሽ ገባ፣ ቀጥሎም ትንሽ። የኮላ ሽታ ሸተተ፣ የዋንዛም።

"ሻማ ሸተተኝ" አለች እናቴ።

ያን ጊዜ ጥርጣሬዬ ሁሉ አለቀ። ግን ስታወራ ዓይኔን አነሳሁ መሰለኝ፣ ቢላው አዘነበለ። ቅጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። በእንጨቱ መስመር አንድ ጣት የሚያህል ተሰነጠቀ። እጄን አነሳሁ።

"አትቁም" አለች እናቴ። "ካውያው እየበረደ ነው።"

ቀጠልኩ። ቆዳው ከዚያ ቦታ አልፎ ተነሳ። ቀስ አድርጌ ወደ ላይ አጠፍኩትና እናቴ በሁለት እጇ ደገፈችው። ጀርባው ላይ፣ ኮላው ሥር፣ 2 አለ፤ ቀስቱ አለ፤ "ላይ" አለ። ሳንቃው ላይ ደግሞ ያው ጽሑፍ ተገልብጦ በስሱ ታትሟል።

እናቴ አየችው። አሁን ምን እንደሚል ታውቃለች። "ይኸው" አለች ቀስ ብላ። "ተመልሶ መጣ።"

ስልኬን አላወጣሁም። እጄ ኮላ ነበር፣ ካውያውም እየበረደ ነበር።

ከተገለበጠው ጽሑፍ ራቅ ብሎ ክቡ ቦታ ይታያል። ገረጣ ያለ ቢጫ ነው፤ ዙሪያው ያለው ኮላ ሸካራ ሲሆን እሱ ብቻ ይለሰልሳል። በመሮ ፋቅኩት። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ደብተሬን አምጥቼ ገጹን እየገነጠልኩ በላዩ አደረግሁ፣ እናቴ በአንድ እጇ ቆዳውን ደግፋ በሌላው በካውያ ተጫነችው። ወረቀቱ ሰሙን እየጠጣ እንደ መስተዋት ጠራ። አንዱን ገጽ አነሳሁ፣ ሌላውን አደረግሁ። ስምንተኛው ወይ ዘጠነኛው ገጽ ላይ ወረቀቱ ደርቆ ቀረ። ቦታውን በቤንዚን ጠረግኩ፣ ፈተግኩ፣ እንደገና ጠረግኩ። ከዚያ አዲስ ኮላ ቀባሁና እናቴ ቆዳውን እንድትመልሰው ነገርኳት። ቀስ አድርጋ አስተኛችው። ጽሑፉ ሄደ። ስንጥቁን ጠርዝ ከጠርዝ አግጥሜ ወረቀት ለጠፍኩበት፤ ሁለቱንም ጆንያ ጫንኩ።

ሐሙስ ጠዋት ወደ ወፍጮ ቤት የሚጭነው ሰውዬ አህያውን እየነዳ መጣ። ኮላው ሌት ብቻ ነው ያገኘው፤ አይበቃውም። እኔ ከሥራ ቤቱ ወጥቼ ምን ልበል እያልኩ እናቴ ቀደመችኝ።

"ከሰዓት ተመለስ" አለችው። "ጤፉ ሥራ ላይ ነው።"

ሰውዬው ወደኔ ተመለከተ፣ ወደሷ ተመለከተ። "ጤፍ ምን ይሠራል?" አለ።

"እንጨት" አለችው።

አህያውን እያጉረመረመ መለሰ። ከሰዓት ጆንያዎቹን ስናወርድ እናቴ ከጎኔ ቆማ ነበር። ዓይኔን ጨፈንኩ። መታሁ። ድፍን ነው። ዙሪያውን መታሁ። ድፍን ነው። "ስማ እስቲ ደግመህ" አለች። ደገምኩ። እሷም ጣቷን አጥፋ መታች፤ ምን መስማት እንዳለባት ባታውቅም ጆሮዋን አስጠግታ ሰማች። የስንጥቁ መስመር እንደ ፀጉር ቀርቷል። ለሚያውቅ ይታያል። ወንድሜ ቢሆን ያየው ነበር።

ዓርብ ፈትጌ ቫርኒሽ ቀባሁ። ሲደርቅ አየዋለሁ፣ እመታዋለሁ፣ እወጣለሁ፣ እመለሳለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት በሮቹን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ መናኸሪያ አደረስኳቸው። የሚኒባሱ ረዳት ጣሪያ ላይ ሆኖ ሲቀበለኝ "ምንድን ነው? ጠረጴዛ?" አለ።

"በር ነው። ቀስ በል።"

"የኛን መኪና በር ብትቀይርልን ይሻልህ ነበር" አለና ሰው አሳቀ። ገመዱን ሲያጠብቅ "አታጥብቀው" አልኩት። "ካልጠበቀ ደብረ ወርቅ ሳንደርስ ይወርዳል፣ የቱን ትመርጣለህ?" አለኝ። ገብቼ ተቀመጥኩ። መኪናው በነጠረ ቁጥር ወደ ጣሪያው አያለሁ። አጠገቤ የተቀመጡት አዛውንት "ልጄ፣ እዚያ ላይ ሰው አስቀምጠሃል?" አሉኝ።

በመንገድ ላይ ፍተሻ ነበር። ሁላችንም ወረድን። አንዱ ፈታሽ ብርድ ልብሱን ፈታ አደረገና ጣቱን አጥፎ እንጨቱን መታ፣ ውስጡ ባዶ እንደሆነ ሊያውቅ ነው። ከታች ወደ ቀኝ ነበር የመታው። ሌላው ሰው መታወቂያውን ሲያዘጋጅ እኔ ድምፁን እያዳመጥኩ ነበር። "እለፉ" አለ።

ሞጣ ስደርስ ነጋዴዋ ደጅ ድረስ ወጡ። "ምነው ልጄ፣ እኔ እኮ..." አሉና ጨርሰው አልተናገሩም። ቁም ሳጥኑ እልፍኝ ውስጥ ቆሟል፤ ቀይ መጋረጃ ተሰቅሎበታል። ሙሽራዋ መጋረጃውን አወረደችው። ውስጡ ባዶ ነበር፤ በሩ ሳይመጣ ልብስ አልሰቀሉበትም።

ወንድሜ የማጠፊያዎቹን ቦታ ቀድሞ ቆፍሯል። እኔ ያደረግሁት ብሎን ማጥበቅ ብቻ ነው፣ እሱም ላብ በላብ አደረገኝ። ጎበጥ ብሎ የነበረው ሳንቃ ሁለተኛው ጎኑ ሲለበጥ ተመልሷል። ሁለቱን በሮች አንድ ላይ ዘጋሁ። መስመሩ ከመስመሩ ገጠመ። ዛፉ ቆመ።

ሙሽራዋ እልል ልትል ጀመረችና እናቷ አፏን በእጃቸው ያዙ። "ሐዘን ላይ ያለ ልጅ ነው" አሉ። እኔ ሳላስበው ጎንበስ ብዬ ያንን ቦታ መታሁት። ደግሜ መታሁት።

"ምን ታንኳኳለህ?" አለች ሙሽራዋ ከኋላዬ እየሳቀች። "ውስጥ ሰው አለ እንዴ?"

"አንቺ ልጅ!" አሉ እናቷ።

እሷ በደግ ነው ያለችው። እኔ ግን ቀና ብዬ ወደ እናቷ ዞርኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። በሮቹን ለለቅሶው አግዳሚ እንዳደረግኳቸው፣ ሻማውን ማን እንዳቆመው፣ እንዴት እንደተነቀለ፣ የት እንደተሰነጠቀ። "ካልተመቸዎት" አልኩ፣ ግን ካልተመቻቸው ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበርና አቋረጥኩት።

እሳቸው ብዙ ጊዜ በሩን አዩት። "ታዲያ የተቀመጥኩት በዚህ ላይ ነበር?"

"አዎ። ሻማው ከአጠገብዎ ነበር።"

"ነበር። ነፋስ እያጠፋው እጄን ጋርጄለት ነበር፤ አስታውሳለሁ።" ቀረቡና ሳላሳያቸው ስንጥቁን በጣታቸው አገኙት። ጨርቅ የሚነግድ እጅ ነው። ከላይ እስከ ታች አንዴ ዳሰሱት። "እንግዲያው ጥፋቱ የሁለታችን ነው" አሉ። ወደ ልጃቸው ዞረው "ይሄ መስመር ምንድን ነው የሚልሽ ቢመጣ ዝም እንዳትዪ። ንገሪው" አሏት።

ከዚያ ሙሽራዋ ልብሷን ማምጣት ጀመረች። ወደ ግቢው ወጥቼ ለእናቴ ደወልኩ።

"ገጠመ?" አለች፣ ጤና ይስጥልኝ እንኳ ሳትል።

"ገጠመ።"

"ሁለቱም?"

"ሁለቱም።"

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን አየሁት። ከዚያ "እህል ቅመስና ና" አለችና ዘጋች።

በመልሱ ሚኒባስ መስኮት ዳር ተቀመጥኩ። ጣሪያው ላይ የማየው ነገር አልነበረም። ከሞጣ ብዙም ሳንርቅ ረዳቱ ድንገት "ወራጅ አለ!" ብሎ ጮኸ፤ መኪናው ሜዳ መሃል ቆመ። ሁሉም ወደኔ ዞረ። ለካ የመኪናውን ጎን በጥፍሬ ስመታ ኖሬያለሁ።

"ውረዳ" አለኝ ረዳቱ በሩን ከፍቶ። "እዚህ ቤት አለህ?"

"አልወርድም። ይቅርታ።"

"ታዲያ ምን ያንኳኳሃል?"

"ልምድ ሆኖብኝ ነው" አልኩ።

በሩን ገጭ አድርጎ ዘጋው። እጆቼን ጭኖቼ መሃል አስገባሁና ቢቸና እስክንደርስ አላወጣኋቸውም።